ሰው አመንኩ የሚሉት ውሻ

ውሻ ስም የሚወጣለት ለውሻው ተብሎ አይደለም። ይሄን የማያውቅ ሰው ካለ እኛ ሰፈር መጥቶ ትንሽ ይክረም። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀያየማል፣ ፊት ለፊት መናገር ነውር ይሆንበታል፣ ቡችላ ያመጣል፣ የሆዱን ስም ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ ሥራው ጠዋትና ማታ አጥር ሥር ቆሞ ውሻውን መጥራት ነው። ሰዳቢ የለም፣ ተሰዳቢ ግን አለ። ሽማግሌ ቢሰበሰብበት እንኳ "ውሻዬን ጠራሁ፣ ምን አጠፋሁ?" ይላል። እኔ ሀይረዲን፣ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ወዲህ ባለችው ቅያስ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ ስንቱን ሰምቻለሁ! "ታዘብኩ" የሚባል ነበር። "ምን ታመጣ" የሚባል ነበር። "እግዜር ያያል" የሚባለውን ደግሞ ሲኖትራክ ገጨውና ባለቤቱ ከሰው ሁሉ ጋር ታረቀ።

የእትዬ ዲንቄ ውሻ ግን ከሁሉም ይለያል። የእሱ ስድብ ሰፈሩን በሙሉ ሲመታ ኖሮ የታሰበለትን ሰው ብቻ ሳተ።

እትዬ ዲንቄ የዚሁ የአገሩ ልጅ ናቸው። ዛሬ ፎቁ የተደረደረበት ሜዳ እሳቸው በልጅነታቸው የሽምብራ እሸት የበሉበት ማሳ ነበር። ከተማው ሲመጣ መሬቱ በየአቅጣጫው ሄደ። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ባላቸው ጋሽ ጂራታ ሲሞቱ ዋርሳቸው ፈየራ "የድርሻዬ ነው" ብሎ ሸጠው። ለእሳቸው የቀረቻቸው ቤታቸው ያለባት ግቢና፣ ጥጉ ላይ ጋሽ ጂራታ የተከሉት ጌሾ ናት። ረጅም፣ አጥንታም ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ከአስፋልቱ እስከ ወንዙ ይሰማል። ሲቆጡ በኦሮምኛ ይጀምሩና፣ የሚሰደበው ሰው ካልገባው ልፋት ነው ብለው ወደ አማርኛ ይዞራሉ።

ጎረቤታቸው ኡሙልኸይር ትባላለች። የስልጤ ልጅ ናት፣ የአገሬ ሰው። ማረሚያ ቤቱ አካባቢ እስረኛ ለሚጠይቁ ሰዎች ምግብ እየሠራች ትሸጣለች፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ፀሐይ ስትጠልቅ ትመለሳለች። ደግ ናት፣ ሥራ አይደክማትም፣ ነገር ግን አይገባትም። ለክፋት አይደለም ይሄን የምለው፤ ወላሂ አይገባትም! አሽሙር በጆሮዋ ሥር ሲያልፍ ነፋስ ነው የሚመስላት።

ነገሩ የተጀመረው የይዞታ ልኬታ የመጣ ጊዜ ነው። ልኬተኞቹ ሜትራቸውን ዘርግተው "የእትዬ ዲንቄ አጥር ወደ ጎረቤት ገፍቷል" አሉና ጌሾው ያለበት ጥግ ወደ ኡሙልኸይር ግቢ ሄደ። ሰው እግሩን ዘርግቶ የማይተኛበት መሬት ነው። ጌሾው ተነቀለ። እትዬ ዲንቄ መሬት ሲሄድ ማየት አዲሳቸው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አንድ ነገር አዩ። ኡሙልኸይር ለልኬተኞቹ ወንበር አውጥታ ቀዝቃዛ ለስላሳ ሰጠቻቸው። በቃ። ጉዳዩ በለስላሳ እንዳለቀ እትዬ ዲንቄ እዚያው ቆመው ፈረዱ።

ለማንም አልተነፈሱም። ኩራተኛ ናቸው፣ እንደ ሌላው ሰው ሱቅ በር ላይ ቆመው ስሞታ አያወሩም። እኔም ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ዘንድሮ ነው። ያኔ ያየሁት እትዬ ዲንቄ ቡናማ ቡችላ ብብታቸው ሥር ወሽቀው ሲመጡ ብቻ ነበር። ልጃቸው ኢፍቱ፣ ያኔ ገና ተማሪ፣ የኦሮምኛ ስም እናውጣለት ብላ ለምናቸው ነበር አሉ። እሳቸው ግን አማርኛ መረጡ፤ ኡሙልኸይር ትስማ ነዋ! ማታ ኡሙልኸይር ከሥራ ስትገባ ጠብቀው አጥሩ ሥር ያለችው ድንጋይ ላይ ወጡና በዚያ ድምፃቸው ለቀቁት።

"ሰው አመንኩ! ሰው አመንኩ፣ ና!"

ሰው አመንኩ፤ የቀረውን ሰሚ ይሙላው ነው።

ሰሚውም ሞላው። ሉላ የምትባል ከፊት ለፊት የምትኖር ሴት፣ ከእትዬ ዲንቄ የተዋሰችውን ሙቀጫ አንድ ጎኑን ሰንጥቃ መልሳ ነበርና በሳምንቱ አዲስ ሙቀጫ ተሸክማ መጣች። ዋርሳቸው ፈየራ የሸጠው መሬት ትዝ አለውና በየበዓሉ በግ እየጎተተ መምጣት ጀመረ። የዕድሩ ዳኛ እንኳ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ ለእሳቸው ዕድል ይሰጥ ገባ፤ ምን እንዳረገ እሱና አላህ ያውቃሉ። እኔስ? ከእኔ የገዙት አምፖል በማግስቱ ተቃጥሎባቸው ነበር። ስሙን ስሰማ ደነገጥኩ። አምፖል የሠራሁት እኔ ነኝ እንዴ? ግን ሌላ አምፖል ይዤ ሄድኩ፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ዳቦ እየመረጥኩ ነበር የምሰጣቸው። እሳቸው ሁሉንም ተቀበሉ። ሰው ድንገት ለምን እንዲህ ደግ እንደሆነባቸው ግን ገርሟቸው ነበር።

ኡሙልኸይርስ? ኡሙልኸይር ምንም።

እትዬ ዲንቄ ግን እንዲያ አላሰቡም። ምክንያቱም እሳቸው ማታ ማታ ድንጋያቸው ላይ ቆመው ከተጣሩ ብዙም ሳይቆይ ከኡሙልኸይር ግቢ መልስ ይመጣል። ጣሳ ይመታል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በማንኪያ የሚመታ የወተት ዱቄት ጣሳ።

"ሰማሽ ኢፍቱ? መለሰችልኝ! አፍ አውጥታ አትናገርም፣ በቆርቆሮ ታፌዝብኛለች!"

እንዲህ ሆኖ አሥራ ምናምን ዓመት ሄደ። አንዷ ትጣራለች፣ አንዷ ጣሳ ትመታለች። መንገድ ላይ ሲገናኙ እትዬ ዲንቄ ፊታቸውን አዙረው መሬት ላይ ይተፋሉ። ኡሙልኸይር ይሄን አይታ አንድ ቀን እኔን ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰላችሁ? "ሀይረዲን፣ እትዬ ዲንቄን ጥርሳቸውን ያማቸዋል እንዴ? ቅርንፉድ ልላክላቸው?" እኔም ነገሩን ስላላወቅኩ ላኪላቸው አልኳት። ላከች። እትዬ ዲንቄ ቅርንፉዱን እንደ ጠንቋይ መድኃኒት በእንጨት ገፍተው ቦይ ውስጥ ከተቱት።

ውሻው በበኩሉ ስለ ስሙ ምንም ግድ አልነበረውም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ይሄን ስም ያወጣው ንዴት ቢሆንም ውሻው ያላመነው ሰው አልነበረም። ለፖስተኛም ለቆራሌውም ጭራውን ይቆላል። ኡሙልኸይር ላይ አንድ ቀን ጮኾ አያውቅም፤ እትዬ ዲንቄ ለዚህ ፈሪ ይሉታል። ኢፍቱ አድጋ ቂሊንጦ ፋብሪካ ስትቀጠር፣ የጠዋት ፈረቃ ሲደርሳት እስከ አስፋልቱ ይሸኛታል። የሠራተኛው ሰርቪስ መጥቶ እስኪወስዳት እግሯ ሥር ይቀመጣል፣ ከዚያ ብቻውን ቀስ እያለ ይመለሳል። አንድ አመል ግን ነበረው፤ ሽሮ አይበላም። ሽሮ የነካው እንጀራ ሲሰጡት አፍንጫውን ያዞራል። እትዬ ዲንቄ ይሄ አይገባቸውም ነበር። "የእኔን ቤት አያውቀውም? ማን ሥጋ አስለምዶት ነው ሽሮ የሚንቀው?" ይላሉ።

ይወዱታል ብትላቸው ያብዱብሃል። "ውሻ ነው፣ ውጭ ይደር!" ባይ ናቸው። ግን ውጭ የሚያድረው የጋሽ ጂራታ ካፖርት ላይ ነው። ኢፍቱ "እማዬ፣ የአባዬን ካፖርት ለውሻ?" ስትላቸው "ብል እንዳይበላው ብዬ ነው" አሏት። ጥርሱ ሲያልቅ ዳቦውን በውሃ አርሰው በጣታቸው እየቆረሱ ሲያጎርሱት እኔው በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኔን ሲያዩ ታዲያ "ሂድ ወዲያ፣ ከይሲ!" ብለው ገፉት።

ዘንድሮ አረጀ። እርጅናው ለነገሩ ቀድሞ የመጣ ነው፣ ዘንድሮ ግን የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ዓይኑን ነጭ ሸፈነው። ሲተነፍስ ያቃስታል፣ ለመተኛት ሲዞርም ያቃስታል። ኢፍቱ አላስቻላትም፤ ሮሪሳ የሚባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ይዛ መጣች። ልጁ ቀስ ብሎ ዳበሰው፣ አዳመጠው፣ ከዚያ ለእትዬ ዲንቄ ቁርጡን ነገራቸው፤ ሕመም ላይ ነው፣ አይድንም፣ በመርፌ ቢያርፍ ይሻለዋል።

"በመርፌ?" አሉ እትዬ ዲንቄ። "የእኔም ወገብ አልነሳ ብሏል። እኔንም ልትወጋኝ ነው?"

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። አባረሩት። ከዚያ ግን ማቃሰቱን በጆሯቸው ሲሰሙ ሰነበቱና አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ምንም አልገዙም።

"ሀይረዲን፣ ያ ሐኪም ለቅዳሜ ጠዋት ይምጣ ብያለሁ" አሉኝ።

"አላህ ያቅልለው እትዬ ዲንቄ።"

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። በገዛ ደጃፉ ላይ ይሁን፣ ራሱን እጄ ላይ አድርጎ። ባለቤት እንደሌለው ውሻ የሰው በር ላይ እንዳይሞትብኝ።" ይሄን ብለው ሄዱ።

ዓርብ ዕለት ኢፍቱ ጉበት ገዝታ ገባች። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዲንቄ ጉበቱን አድቅቀው ቀቅለው፣ በሳህን ይዘው ወጡ። ካፖርቱ ባዶ ነው። ውሻው የለም።

ግቢውን አዩ፣ የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። ያ ሁለት እርምጃ መሄድ አቅቶት የነበረ ውሻ ወጥቷል። ኢፍቱ ወደ አስፋልቱ ሮጠች፤ ሰርቪስ የምትጠብቅበት ቦታ ሄዶ ይሆናል ብላ። እትዬ ዲንቄ ሳህናቸውን እንደያዙ ቅያሱ መሐል ቆመው ተጣሩ።

"ሰው አመንኩ! ሰው አመንኩ! ሰው አመንኩኮ!"

በዚያ ሰዓት የወጣውን ሰው ማየት ነበር! ሉላ ከቤቷ እየሮጠች ወጣች። ፈየራ ከወዲያኛው መንደር ለለቅሶ መጥቶ ነበርና ድምፁን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ መጣ። እኔም ሱቁን እንዲሁ ጥዬ ወጣሁ። ሁላችንም ጥፋተኛ መስለን ቦይ ውስጥ፣ መኪና ሥር፣ የግንባታ ድንጋይ ጀርባ እንፈልጋለን።

ያኔ ነው ጣሳው የተመታው። በጠዋት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

የእትዬ ዲንቄ ፊት ተለዋወጠ። "ዛሬም?" አሉ መጀመሪያ በዝግታ። ከዚያ "ዛሬም! ውሻዬ በጠፋበት ቀን!" ብለው ሳህኑን እኔ እጅ ላይ ወርውረው ወደ ኡሙልኸይር በር ሄዱ። ከልኬታው ቀን ወዲህ ያንን በር ረግጠውት አያውቁም። በሩን በእግራቸው ነው የከፈቱት። እኔና ፈየራ ሰው ሳይፈነከት እንድረስ ብለን ተከተልን፤ እኔ ደግሞ ጉበት ይዤ!

ኡሙልኸይር ወጥ ቤቷ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብላለች። በአንድ እጇ ጣሳ፣ በአንድ እጇ ማንኪያ። ፊት ለፊቷ በታጠፈ የዱቄት ጆንያ ላይ ሰው አመንኩ ተጋድሟል። አጠገቡ የእሱ የሆነ፣ ጠርዙ በጥርስ የተበላ ሳህን አለ።

"እትዬ ዲንቄ! እሰይ መጡ" አለች ብድግ ብላ። "ሰው ልልክብዎት ስል ነው። ጎህ ሲቀድ በሬ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ትቼው መሄድ አስጨነቀኝና ሥራም አልሄድኩ። ይኸው ብመታለትም አልነሳ አለ።"

"ምኑን ብትመቺለት?" አሉ እትዬ ዲንቄ። ለጠብ የሰበሰቡት ትንፋሽ ገና ደረታቸው ውስጥ ነው።

"ጣሳውን። የምጠራው በዚህ ነው፤ ሁሌ ማታ ማታ። ጠያቂ ሰዓት አልፎበት ጥሎልኝ የሚሄደው ሥጋ አለ፣ አጥንት አለ፣ ማን ይበላዋል? ከቡችላነቱ ጀምሮ በዚያ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ይመጣል። አያውቁም ነበር እንዴ?"

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ሰው አመንኩ የት የት እንደበላ አሁን ተገለጠ። እትዬ ዲንቄ ጣሳውን አዩ፣ ሳህኑን አዩ፣ ጆንያውን አዩ።

"ስም የለውም?" አሉ። "በስሙ አትጠሪውም?"

"እንዴት ብዬ!" አለች ኡሙልኸይር። "ያ ስም የሰው ቁስል አይደል? እርስዎ አንጀትዎ አርሮ ያወጡትን ስም እኔ ለትርፍራፊ ልጣራበት? አይሆንልኝም። ማታ ማታ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆመው ሲጠሩት በሰማሁ ቁጥር 'ያ ረቢ፣ የእኚህን ሴት ልብ አሳርፍ' እላለሁ። የባል ወንድም የተባለ ሰው እንዲያ ካደረገ ማን ይታመናል?"

ፈየራ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "በየበዓሉ በግ አመጣ የለም እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ።

እትዬ ዲንቄ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ያን ያህል ዓመት በሙሉ ድምፁ ተሳድቦ፣ የተሰዳቢዋ ምላሽ ዱዓ ሆኖ ሲያገኘው! እኔ በዚያች ደቂቃ ነው ነገሩ በከፊል የገባኝ፤ አምፖሌም ትዝ አለኝ። እሳቸው ግን ለመናደድም ጊዜ አላገኙም። ውሻው ሽታቸውን አውቆ ራሱን ሊያነሳ ሞከረና አልሆነለትም። እትዬ ዲንቄ ያ የማይታጠፍ ጉልበታቸው እጥፍ አለና ጆንያው አጠገብ ተቀመጡ።

ሮሪሳ ከኢፍቱ ጋር በባጃጅ ደረሰ። ውሻውን አየና "አናንቀሳቅሰው፣ ያሰቃየዋል" አለ።

"ደጃፉ ላይ ነው ያልኩት" አሉ እትዬ ዲንቄ። "ይሄ የሰው ግቢ ነው።"

"የምን የሰው ግቢ?" አለች ኡሙልኸይር። "ግማሽ ዕድሜውን የኖረው እዚህ አይደል?" በደግነቷ ነው ያለችው። እትዬ ዲንቄ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጉበቱን ከእጄ ተቀብለው ትንሽ በጣታቸው አስጠጉለት፤ ላሰው፣ አልዋጠውም። ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ኢፍቱ አስፋልት ዳር እንደሚጠብቃት እያወራችለት ታለቅሳለች። እኛ ሙስሊሞች ውሻ ከነካን መታጠብ ግድ ነውና ኡሙልኸይር ውሻ ነክታ አታውቅም፣ ሳህኑን እንኳ በመጥረጊያ እንጨት ነው የምትገፋለት። ያን ቀን እጇን ዘርግታ ጀርባውን ዳሰሰችው። እኔ ወደ ሌላ ዞርኩ፤ ሰው የሚታጠብበት ውሃ አያጣም። ዓይኔም አላስቻለኝም፣ እውነቱን ልናገር፤ አንጀቴን በላው።

ሮሪሳ መርፌውን አዘጋጀ።

"ይጥሩት እንጂ እትዬ ዲንቄ" አለች ኡሙልኸይር። "ድምፅዎን ሰምቶ ይሂድ።"

እትዬ ዲንቄ አፋቸውን ከፈቱ። ያ ወንዙ ድረስ የሚሰማ ድምፅ አልወጣም። ጎንበስ ብለው ጆሮው ሥር፣ እኔ በሁለት ክንድ ርቀት ቆሜ በጭንቅ የሰማሁትን ያህል፣ "ሰው አመንኩ" አሉት። "ሰው አመንኩ፣ የኔ ጌታ።" ያን ያህል ዓመት ያን ስም ሲጠሩ ለአጥሩ ነበር የሚጠሩት። ለውሻው ብለው ሲጠሩት ያን ቀን ሰማሁ። እሱም ጭራውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ አደረገ። ከዚያ ሮሪሳ ወጋው፣ ማቃሰቱም ቆመ።

አካፋ ያመጣው ፈየራ ነው። የት ይቀበር ሲባል ኡሙልኸይር በእጇ ወደ ጥጉ አመለከተች።

"እዚያ ይሁን" አለች። "ሁሌ ሾልኮ የሚገባባት ቀዳዳ ያለችው እዚያ ነው። ቦታውን ወስጄ ምን አደረግኩበት? ለእሱ ይሁን።"

ያ ጥግ የጌሾው ጥግ ነው። እትዬ ዲንቄ ጥጉን አዩ፣ ኡሙልኸይርን አዩ። ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር? ኡሙልኸይር በሕይወቷ አትጠረጥርም። ፈየራም በጉን ያመጣል። ሁሉም ነገር እንደነበረ ይኖራል።

"አይሆንም" አሉ። "አንቺን ነው።"

"እኔን ምን?"

"ስሙን። ፈየራን ብዬ አይደለም። ለአንቺ ነው ያወጣሁት። ለዚያ ለስላሳ።"

"የቱ ለስላሳ?" አለች ኡሙልኸይር።

አላስታወሰችውም! እትዬ ዲንቄ ቁጭ ብለው፣ የሞተውን ውሻ ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ልኬተኞቹን፣ ወንበሩን፣ ጌሾውን አንድ በአንድ አስረዷት። እሷ ስትሰማ ቆየች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ።

"ጠምቷቸው ነበራ!" አለች። "ሰው በፀሐይ ቆሞ ውሃ ሲለምነኝ... ውሃ አልነበረኝም፣ ያለኝን ሰጠሁ!" ከዚያ ነገሩ ገባት። "እና ያን ጊዜ ሁሉ እኔን ነበር? እኔ ዱዓ ሳደርግልሽ፣ አንቺ እኔን ስትሰድቢኝ ነበር? ያን ሁሉ ማታ?"

እርስዎ ማለቷን ትታ ነበር። እሷ ሰውን አንቺ ብላ ስትቆጣ ሰምቼ አላውቅም።

"ቅበሩትና ውጡልኝ" አለች። ወደ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ተረት እዚያ ቆሜ ትዝ አለኝ። ለአሥራ ምናምን ዓመት በአንድ ወገን ብቻ የቆየው ጠብ፣ ውሻው በሞተበት ቀን ገና በሁለት ወገን ተጀመረ። ፈየራ ቆፈረ፣ በካፖርቱ ጠቅልለን እዚያው ጌሾው ጥግ ቀበርነው።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ምሳ ሰዓት አልፈጀበትም። ሉላ ሙቀጫዬን ይመልሱልኝ ብላ ያለ እፍረት ጠየቀች። ፈየራ ለበዓል ባዶ እጁን መጥቶ "ለካ እኔ አልነበርኩም!" እያለ ሳቀ፤ መሬት መሸጡ ውሻው ሲሞት ይቅር የተባለለት መስሎት። የዕድሩ ዳኛም እትዬ ዲንቄን ተራዎን ይጠብቁ ማለት ጀመረ። እኔ ዳቦ መምረጤን አልተውኩም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ሳሉ "ምን ቆርጦዎት ነገሯት?" አልኳቸው። "ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?"

"መሬቱን ሰጠችው እኮ" አሉኝ። "የእኔን ውሻ አብልታ፣ ለእኔ አዝና፣ መቃብር ሰጠችው። ስድቤን አንገቱ ላይ እንዳሰርኩበት ልቅበረው?" ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። "ውሻዬም ሄደ፣ ጎረቤቴም ሄደች ሀይረዲን። እንዳለችኝ ሳላውቅ የነበረችኝ ጎረቤት።"

ኡሙልኸይር በበኩሏ አኮረፈች፤ ኩርፊያ አታውቅበትምና አበዛችው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊቷን ታዞራለች። መትፋት ግን አልቻለችበትም፣ ዝም ብላ ታልፋለች። ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። እትዬ ዲንቄ ማታ ማታ ከልማድ ወደዚያች ድንጋይ ይወጣሉ፤ ግን የሚጠሩት የለም። ኢፍቱ "እማዬ፣ ግቢ፣ ብርድ ነው" ትላቸዋለች። እሳቸው ከአጥሩ ማዶ ያለችውን የአፈር ክምር እያዩ ይቆማሉ። ከወዲያም ጣሳ አይመታም።

አንድ ማታ መግሪብ ሰግጄ ተመልሼ ሱቁን ስከፍት ሰማሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። እትዬ ዲንቄ ድንጋያቸው ላይ ናቸው። አልተነቃነቁም። ጣሳው ዝም አለ፣ ከዚያ እንደገና ተመታ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ያኔ ከድንጋዩ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በበራቸው ወጡ፣ ወደ ኡሙልኸይር በር ሄደው ደጁ ላይ ቆሙ። በሩ ክፍት ነበር። ኡሙልኸይር ጣሳዋን ይዛ ቆማለች።

"ውሻው የለም እኮ" አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ። "ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ ዲንቄ።

"ታዲያ ምን ፈልገው መጡ?"

"ተጠራሁ፤ መጣሁ።"

ኡሙልኸይር ጣሳዋን አየችው። ማንኪያውን ውስጡ ጨመረችና ወደ ጎን ብላ መንገዱን ለቀቀችላቸው።

"ይግቡ፣ ይቀዘቅዛል" አለች። "ሥጋ የለበትም፣ ሽሮ ነው።"

እትዬ ዲንቄ ጎንበስ ብለው ገቡ። እኔ ሱቄን ከፍቼ መብራቱን አበራሁ። ሰው አመንኩ ሽሮ አይበላም ነበር።